የሚያፈስ ሽንት ቤት፦ ከለንደኑ ሲፎን እስከ ኮንዶሚኒየሙ ኮርኒስ

ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ሲመጣ የሚነገረው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሽንት ቤቱ ያፈሳል።» በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ግን ቢያንስ አራት የማይመሳሰሉ ብልሽቶች ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ውሃው ከታንኩ ወደ ሳህኑ ድምፅ ሳያሰማ እየወረደ ይሆናል። ታንኩ ከልኩ በላይ ሞልቶ በትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ እየሄደ ይሆናል። ከግድግዳው ወደ ታንኩ የሚመጣው ፍሌክሲብል ቱቦ መጋጠሚያው ላይ እያንጠባጠበ ይሆናል። ወይም ሳህኑ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፍሳሽ እየወጣ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወለሉን ጠብታ አያስነኩትም፤ የሚታዩት በወሩ መጨረሻ በቆጣሪው ላይ ነው። ሦስተኛው ንጹሕ ውሃ፣ አራተኛው ቆሻሻ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ቆጣሪ ላይ ምንም ለውጥ አያሳይም።

እነዚህን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር የተለመደ ነው። ጎማ ተቀይሮ ማፍሰሱ ያልቆመበት ቤት የሚበዛውም ከመጀመሪያው ጎማው ጥፋት ስላልነበረበት ነው። በጉዳዩ ላይ የሚደረገው ክርክር ከውጭ ሲያዩት «የትኛው ዕቃ ይሻላል?» የሚል ይመስላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚያየው ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያልተቋጨው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዕቃው ሲበላሽ ብልሽቱን ለባለቤቱ ያሳያል ወይስ ይደብቃል?

መነሻው፦ ብክነትን እንዲከለክል የተሠራ ታንክ

ውሃ የሚለቅ መጸዳጃ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሰር ጆን ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ታንክና ቫልቭ ያለው መጸዳጃ ገልጾበታል፤ በዘመኑ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ ውሃ ቋጥሮ ሽታ የሚያግደውን ጠማማ ቧንቧ በፓተንት አስመዘገበ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ብራማ ቫልቩን አሻሻለ። ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ቶማስ ክራፐር የተዋጣለት ቧንቧ ሠራተኛና ነጋዴ ነበር እንጂ ፈጣሪው አይደለም። ብዙ ሰው ለእሱ የሚሰጠውን ያለ ቫልቭ የሚሠራ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1898 ያስመዘገበው አልበርት ጊብሊን ነው።

ለተነሳው ጥያቄ ከፈጣሪዎቹ ይልቅ የሚጠቅመው የውሃ አቅርቦቱ ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ለንደን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነበር። ኩባንያዎቹ ለተወሰነ ሰዓት ይለቃሉ፤ ነዋሪው በበርሜልና በታንክ ያጠራቅማል። በዚህ ዓይነት አቅርቦት ሽንት ቤት ቢያፈስም ጉዳቱ ወሰን ነበረው፤ የተጠራቀመው ሲያልቅ ማፍሰሱም ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1871 የወጣው የከተማዋ የውሃ ሕግ አቅርቦቱ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ሲገፋ ስሌቱ ተገለበጠ። ቀንና ሌሊት ግፊት ባለው ቧንቧ ላይ የሚያፈስ ቫልቭ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በሕጉ ሥር የወጣው ደንብ በአንድ ጊዜ ከ2 ጋሎን፣ ማለትም ከ9 ሊትር ገደማ በላይ የማይለቅ «የብክነት መከላከያ» ታንክ እንዲገጠም አዘዘ።

ይህን ትእዛዝ የመለሰው ሲፎኑ ነው። በሲፎን ታንክ ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ የለም። ውሃው ወደ ሳህኑ ለመሄድ መጀመሪያ ከውሃው ወለል በላይ ከፍ ባለ ጠማማ ቱቦ ላይ መውጣት አለበት። እጀታው ሲጫን በውስጥ ያለ ስስ ላስቲክ ውሃውን ገፍቶ ያንን ጉብታ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ታንኩ እስኪጎድል ውሃው በራሱ ይሳባል። እጀታውን ማንም ካልነካው የሚወርድበት መንገድ የለም። ላስቲኩ ሲቀደድ የሚመጣው ችግር እጀታውን ሦስትና አራት ጊዜ ቢጫኑትም ውሃ አለመልቀቁ ነው። ያ ደግሞ በዚያው ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ስለሚያስቸግር ሳይጠገን አይቆይም።

እንግሊዞቹ ሁለተኛ ጥንቃቄም ነበራቸው። ታንኩ ከልኩ በላይ ሲሞላ ትርፉ ውሃ ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ በሚወጣ ቱቦ ይፈስሳል። ደጅ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ባለቤቱን ባያሳስበው እንኳ ጎረቤቱን ያናግራል።

ቫልቩና ክርክሩ

አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በታንኩ ሥር ሰፊ ቀዳዳ፣ በላዩ የጎማ ክዳን፣ ከክዳኑ እስከ እጀታው ሰንሰለት። አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋው ርካሽ፣ አወራረዱም ፈጣን ነው። ትርፉ ውሃም ወደ ደጅ አይወጣም፤ በታንኩ ውስጥ በቆመ ቱቦ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። እነዚህ ሁለት ምርጫዎች ሲደመሩ ታንኩ ሊያጠፋ የሚችለው ውሃ ሁሉ ማንም ሳያየው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል ማለት ነው። ክዳኑ ቢያረጅ፣ ሰንሰለቱ ቢጠላለፍ፣ ተንሳፋፊው ቢበላሽ ውጤቱ አንድ ነው፦ ሽንት ቤቱ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ውሃው ይሄዳል።

ብሪታንያ ከመቶ ዓመት በላይ ቫልቭን ከልክላ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው የውሃ ዕቃዎች ደንብ በሩን ከፈተች፤ ከ2001 ጀምሮ ለአዲስ ተከላ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠንም 6 ሊትር ሆነ። ቫልቩ ከገባ ወዲህ የተስፋፋው ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ለትንሽና ለትልቅ የተለያየ ውሃ የሚለቀው ታንክ ነው። ይህ ዓይነቱ ለገበያ የበቃው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ካሮማ በተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ መነሻው 11 እና 5.5 ሊትር ነበር። የዛሬዎቹ በአብዛኛው 6 እና 3 ሊትር ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃ ዕቃ መደብሩ የሚሸጡት የቻይናና የቱርክ ሥሪቶችም ብዙዎቹ የዚሁ ዘር ናቸው።

ብሪታንያ ቫልቭን ከፈቀደች ወዲህ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንዱ ወገን የሲፎኑን ግዴታ ትቶ ቫልቭን መፍቀድ ስህተት ነበር ይላል። ለዚህ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ዋተርዋይዝ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው ግምት ነው፦ ከአገሪቱ ሽንት ቤቶች ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆኑት ያፈሳሉ፣ አብዛኞቹም ባለ ሁለት ቁልፍ ናቸው፣ በቀን በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ሊትር ይባክናል የሚል ነው። ሌላው ወገን ጥፋቱ የቫልቩ ሳይሆን የርካሽ ማኅተምና የመጥፎ ገጠማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚለቀው ውሃ ከ9 ወደ 4 እና 5 ሊትር መውረዱ የሚያስገኘው ቁጠባ መረሳት የለበትም ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ያልካዱት ሒሳብ አለ። አራት ሰዎች በቀን ሃያ ጊዜ ቢጠቀሙና በየጊዜው 5 ሊትር ቢቆጥቡ በቀን 100 ሊትር ነው። በመጠኑ የሚያፈስ አንድ ታንክ በቀን 200 ሊትር ቢያጠፋ የሁለት ቤተሰብ ቁጠባ ይበላል። ስለዚህ ክርክሩን የሚወስነው ከሃያ ታንክ ስንቱ ያፈሳል፣ ሳይጠገንስ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የማይታይ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ ማን ይመሰክራል?

በአሜሪካ በኩል የቆየ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና 1,188 ቤቶችን የለካው የመኖሪያ ቤት ውሃ አጠቃቀም ጥናት ከቤት ውስጥ ፍጆታ 13.7 በመቶው በማፍሰስ እንደሚሄድ አግኝቷል። ከዚህ አማካይ ይልቅ የሚያስተምረው ስርጭቱ ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቤቶች በቀን የሚያፈሱት 10 ጋሎን ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ 5.5 በመቶዎቹ ግን ከ100 ጋሎን፣ ማለትም ከ378 ሊትር በላይ ያፈሳሉ። ችግሩ የሁሉም ቤት ትንሽ በሽታ ሳይሆን የጥቂት ቤቶች ከባድ በሽታ ነው። ለሁሉም የሚነዛው «ጎማዎን በየጊዜው ይቀይሩ» የሚል ምክር ከዚህ አንጻር ሲታይ ደካማ ነው፤ የሚበጀው የትኛው ቤት እንደሆነ መለየት ነው።

ከታንክ ወደ ሳህን፦ መለያ ዘዴዎቹ

ለመለያ የሚቀርቡት ዘዴዎች ሦስት ናቸው፤ እኩል ክብደት ሲሰጣቸው ይታያል እንጂ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ቀለም ነው። በታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም፣ ከሌለም ጥቁር ቡና ይጨመራል፤ ሳይጠቀሙበት ከአሥር ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ታንኩ ያፈሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቤተሰብ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው በብሪታንያ የሚመከረው ሶፍት ነው፦ የሳህኑን የኋላ ግድግዳ አድርቆ ደረቅ ሶፍት መለጠፍና ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ መተው። ሶፍቱ ከራሰ ውሃ ወርዷል። ሶፍት ከቀለም ይልቅ በጣም ቀስ ብሎ የሚወርደውን ይይዛል፤ ሌሊት ማንም እንዳይጠቀም ማስጠንቀቅ ግን የግድ ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች «ያፈሳል ወይ?» ለሚለው እንጂ «ከየት?» ለሚለው መልስ የላቸውም። የታች ክዳኑ ቢያፈስም፣ ታንኩ ሞልቶ በቆመው ቱቦ ቢወርድም ቀለሙ እኩል ሳህኑ ውስጥ ይገባል። በቀለም ብቻ ተመርቶ ጎማ የሚቀይር ሰው ሊሳሳት የሚችለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ እርሳስ ብቻ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚናገረውም እሱ ነው። ታንኩ ሞልቶ ሲቆም የታንኩ የላይ ክዳን ይነሳና የውሃው ወለል የደረሰበት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይሰመራል፤ ከዚያ ከታች ያለው ማጥፊያ ይዘጋል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ውሃው ካልወረደና መጀመሪያውኑ በቆመው ቱቦ አፍ ልክ ከነበረ ጥፋቱ የመግቢያው ቫልቭ ነው፤ መዝጋት አቅቶት ነበር። ውሃው እየወረደ ታንኩ ባዶ እስኪሆን ከሄደ የታች ክዳኑ ነው። ውሃው ወርዶ ወርዶ በሆነ ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ቀዳዳው ያለው እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ለምሳሌ የቆመው ቱቦ ጎኑ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጎማውን አሥሬ ቢቀይሩት ለውጥ የለም።

ከእነዚህ ውጪ ዓይን የሚያልፋቸው ሁለት ትናንሽ ነገሮች አሉ። ከመግቢያው ቫልቭ ወደ ቆመው ቱቦ የሚሄደው ቀጭን ጎማ ጫፉ ከውሃው ወለል በታች ድረስ ተገፍቶ ከገባ ራሱ ሲፎን ሆኖ ታንኩን ይመጠዋል፤ ጫፉን ከቱቦው አፍ በላይ ማንጠልጠል በቂ ነው። ሰንሰለቱም ሲያጥር ክዳኑን በፀጉር ስፋት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲረዝም ደግሞ ከክዳኑ ሥር ገብቶ ያስከፍተዋል። ሰው ሳይነካው ሌሊት በየሰዓቱ ለአፍታ «ሽሽሽ» ብሎ ራሱን የሚሞላ ታንክ ምልክቱ የታች ማፍሰስ ነው። ሳያቋርጥ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ወደ መግቢያው ቫልቭ ያመለክታል።

ግፊትና ፈረቃ

በመማሪያ ጽሑፎቹ ውስጥ የሚታሰበው ቤት ሃያ አራት ሰዓት ውሃ ያለው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ጣሪያ ላይ ሮቶ በተሰቀለበት የአዲስ አበባ ቤት አንዳንዶቹ ምክሮች ሳይሻሻሉ አይሠሩም።

የቆጣሪውን ነገር እንውሰድ። የተለመደው ምክር «ሁሉንም ቧንቧ ዝጋ፤ ቆጣሪው ከዞረ ያፈሳል» ይላል። ሮቶ ባለበት ቤት ቆጣሪው የሚለካው ወደ ሮቶው የሚገባውን እንጂ ከሮቶው የሚወጣውን አይደለም። ውሃ ሲመጣ ሽንት ቤቱ ቢያፈስም ባያፈስም ሮቶው እስኪሞላ ይዞራል፤ ውሃ ሲሄድ ሽንት ቤቱ ቢያፈስም ይቆማል። የሚሻለው መለኪያ ሮቶው ራሱ ነው። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ወደ ሮቶው የሚያስገባው መስመር ይዘጋል፤ የውሃው ከፍታ በእንጨት ይለካል፤ ጠዋት ማንም ሳይነካ እንደገና ይለካል። ዲያሜትሩ 1.1 ሜትር በሆነ ሮቶ አንድ ሳንቲ ሜትር መውረድ 9 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ሌሊት የሽንት ቤቱ ማጥፊያ ተዘግቶ ልኬቱ ይደገማል። ሮቶው አሁንም ከወረደ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ግፊቱም ልዩነት ያመጣል። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ነው፤ ሮቶው ከሽንት ቤቱ ታንክ ሦስት ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ብቻ ያገኛል። አዳዲሶቹ የመግቢያ ቫልቮች ብዙዎቹ የሚዘጉት ራሱ የውሃው ግፊት ስስ ላስቲኳን ሲገፋላቸው ነው። ግፊቱ ሲያንስ ሳይዘጉ ያዘግማሉ፤ ወይም ታንኩን ለመሙላት ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። በአንጻሩ ከመንገድ መስመር በቀጥታ የተገጠመ አሮጌ ባለ ዘንግ ተንሳፋፊ ቀን ደህና ይዘጋና ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ይሸነፋል። አንዱ ቫልቭ በአነስተኛ ግፊት፣ ሌላው በከፍተኛ ግፊት ያፈሳል ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች ከቫልቩ ጋር ለከፍተኛ ግፊት የምትሰካ፣ ለሮቶ ግን የምትወጣ ትንሽ ማጥበቢያ ይሰጣሉ። ገጣሚው ያንን ካላየ ጥሩውን ዕቃ መጥፎ ያደርገዋል።

ፈረቃ የሚያመጣው ሌላው ነገር ደለል ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የቧንቧውን ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ያመጣና ቫልቩ መቀመጫ ላይ ያስቀምጠዋል። ቫልቩ መዝጋት እንዲያቅተው አንዲት ቅንጣት ትበቃለች። ይህ ዕቃ መቀየር አይጠይቅም፦ ማጥፊያው ይዘጋል፣ የቫልቩ ጉልላት ጠምዘዝ ተደርጎ ይነሳል፣ ላስቲኳ ታጥባ ትቀመጣለች፣ ክፍቱ አፍ ላይ ኩባያ ተደፍቶ ማጥፊያው ለጥቂት ሰከንድ ይከፈታል። የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። በዚህ ሥራ ብቻ የሚድን ቫልቭ ብዙ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኞች ግን አዲስ ዕቃ መግጠም ይቀናቸዋል። ሊፈረድባቸው አይገባም፤ ነገ ተመልሶ ቢያፈስ የሚወቀሱት እነሱ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ብዙ የማይነሳው ነው። የመንገዱ መስመር ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ መምጠጥ ሊፈጠር ይችላል። የመግቢያው ቫልቭ አፉ ታንኩ ውሃ ውስጥ ከተነከረ የታንኩ ውሃ ወደ ኋላ ወደ መጠጥ መስመሩ ሊሳብ ይችላል። ለዚህ ሲባል ደረጃቸውን የጠበቁ ቫልቮች ላይ የመግቢያው ወሳኝ ከፍታ ምልክት ተደርጎበታል፤ ያ ምልክት ከቆመው ቱቦ አፍ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቫልቩን ዝቅ ማድረግ የቆጣሪ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወለል ላይ የሚታየው ውሃ

የሚታየው ማፍሰስ ለመለየት ይቀላል ይባላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ውሃ የሚታይበት ቦታ የሚወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላልና። ዋናው መለያ ሰዓቱ ነው። ሁልጊዜ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግፊት ወይም የቆመ ውሃ ካለበት ቦታ ነው፦ ከማጥፊያው፣ ከፍሌክሲብሉ መጋጠሚያ፣ ከታንኩ ብሎኖች ጎሚኒ። ፍላሽ ሲደረግ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ በታንኩና በሳህኑ መካከል ካለው ወፍራም ጎማ፣ ወይም ከሳህኑ ሥር ነው። ሁሉንም አድርቆ በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት ማዞርና የትኛው መጀመሪያ እንደሚርስ ማየት ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ነው።

የፍሌክሲብሉን ነት በኃይል ማጥበቅ እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት ነው። መጋጠሚያውን የሚዘጋው በውስጥ ያለው ጎማ እንጂ የጥርሱ ጥብቀት አይደለም፤ ቴፍሎን መጠቅለልም በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚጨምረው የለም። ከልክ በላይ የጠበቀ የታንክ ብሎን ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ታንክ ደግሞ አይጠገንም።

ያላፈሰን ታንክ የሚያስወቅስ ነገርም አለ፦ ጤዛ። ሞቃትና እርጥብ አየር ባለበት፣ ለምሳሌ በምሥራቃዊ አሜሪካ በበጋ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላው ታንክ ውጪው ያልበውና ወለሉን ያረጥባል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ብዙም አይመችም። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ወገን ግን ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራቱ በፊት ታንኩን በፎጣ አድርቆ ጠብታው ከመጋጠሚያ ነው ወይስ ከመላ አካሉ እንደሚወጣ ቢያይ ወጪ ሊተርፈው ይችላል።

ሲሊኮን መዝጋት ወይስ መተው

በሳህኑ ሥር ዙሪያውን በሲሊኮን ወይም በነጭ ሲሚንቶ መዝጋት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዳሰሳውን ዋና ጥያቄ በሙሉ የያዘ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራባቸው የቧንቧ ደንቦች ዕቃው ወለል የሚነካበት መስመር እንዲታሸግ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ንጽሕና ነው፤ የማጽጃ ውሃና ሽንት ሥሩ ገብቶ እንዳይሸት፣ ሳህኑም እንዳይነቃነቅ። ከባለሙያዎቹ ብዙዎች ይቃወማሉ። ከሥር ያለው ማኅተም፣ በአሜሪካ የሰም ቀለበት፣ በሌላው ዓለም በአብዛኛው የጎማ ማያያዣ፣ ሲበላሽ ውሃው ወደ ውጭ ወጥቶ መታየት ይኖርበታል ይላሉ። ከታሸገ ግን ወለሉ ሥር ይሰበሰብና የሚታየው ከታች ያለው ቤት ኮርኒስ ላይ ነው።

መካከለኛ መንገድ የሚሉት ፊቱንና ጎኑን አሽጎ ከኋላ ጥቂት ክፍት መተው ነው። አሳማኙ አቋም ይህ ይመስላል፤ ንጽሕናውንም ምልክቱንም ይጠብቃልና። በነጭ ሲሚንቶ መድፈን ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ሳህኑን ለማንሳት ሲፈለግ ሸክላውን ይዞ ይሰበራል፤ ትንሽ መነቃነቅ ሲኖርም ራሱ ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል።

ጎማ መቀየር፣ ማጽዳት ወይስ ሁሉንም መጣል

የታች ማኅተም የሚያረጀው በክሎሪንና በኖራ ነው። ክሎሪን ጎማውን ያለሰልሰውና ያሳብጠዋል፤ ስትነኩት ጣት ላይ ጥቁር የሚተው ጎማ ጊዜው አልፏል። ኖራ ደግሞ ጎማውን ሳይሆን የሚያርፍበትን ቀለበት ያሻክራል። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ ሻካራ ቀለበት ላይ አዲስ ጎማ ማስቀመጥ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመልሳል። ቀለበቱን በኮምጣጤ ማላቀቅና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማለስለስ ይቀድማል። ታንክ ውስጥ የሚጣሉት ሰማያዊና ክሎሪን ያላቸው እንክብሎች ጎማውን ፈጥነው ስለሚያበላሹ አምራቾች ዋስትናቸውን እስከመንሳት ይደርሳሉ። ሳህኑን ለማጽዳት ሲባል ታንኩ የሚበላሽበት ልማድ ነው፤ የሚከላከልለት ባለሙያ አላጋጠመም።

ሁሉንም መቀየር ይሻላል የሚሉት በአሮጌው ታንክ መጠን ይከራከራሉ። ከ1994 በፊት የተገጠሙ የአሜሪካ ታንኮች ብዙዎቹ 13 ሊትር ይለቃሉ፤ የ1992ቱ የኃይል ፖሊሲ ሕግ ወደ 6 ሊትር አወረደው። እንዲህ ላለው ታንክ ጎማ መግዛት ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ለ6 ሊትሩ ግን ጥገና ይበልጣል፤ ከባዱ ነገር መለዋወጫ ማግኘቱ ነው። መርካቶ ላይ የአንዱ አምራች ማኅተም ለሌላው «ይሆናል» ተብሎ ይሸጣል፤ ዲያሜትሩ በሁለት ሚሊ ሜትር ሲለይ ደግሞ አይሆንም። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ከስምና ከፎቶ ይበልጣል።

የላይና የታች ጎረቤት

በኮንዶሚኒየም ጉዳዩ ከዕቃ ወደ ሕግ ይሻገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል፤ የጋራውን የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር ነው። በየፎቁ የሚያልፈው ቀጥ ያለ የፍሳሽ ቧንቧ የጋራ መሆኑ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ከላይኛው ቤት ሳህን ተነስቶ ወለሉን በስቶ፣ በታችኛው ቤት ኮርኒስ ውስጥ አግድም ሄዶ ከጋራው ቧንቧ የሚገናኘው ቁራጭ ነው። የሚያገለግለው አንዱን ቤት፣ የሚገኘው በሌላው ቤት ውስጥ ነው። የላይኛው ጠጋኝ ለማስገባት የታችኛውን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የታችኛው ኮርኒሱ ሲፈርስ ማን ይመልስልኛል ይላል፤ ሁለቱም ማኅበሩን ይጠቁማሉ።

ከዚህ ጭቅጭቅ በፊት ግን መመለስ ያለበት ቀላል ጥያቄ አለ፤ ሳይመለስ ኮርኒስ ይፈርሳል። ያ እድፍ የመጣው ከሽንት ቤቱ ነው፣ ከሻወሩ ወለል ነው፣ ወይስ ከንጹሕ ውሃ መስመሩ? ኮርኒሱ ውሃ ሲቋረጥም ሳያቋርጥ የሚርስ ከሆነ ንጹሑ መስመር ብዙም አይጠረጠርም። ለቀሩት አንዱን ቀን ሻወሩን ትቶ ሽንት ቤቱን ብቻ መጠቀም፣ በማግስቱ ሽንት ቤቱን ትቶ ሻወሩን ብቻ መጠቀም ነው፤ ሳህኑ ውስጥ በሚጨመረው ቀለምና ሻወሩ ላይ በሚፈሰው ቀለም ልዩነት ከታች ማየት ይቻላል። ፈተናው ሲደረግ የሁለቱም ቤት ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ ከላይ ሆኖ ቀለም የጨመረውና ከታች ሆኖ ያየው ካልተማመኑ ውጤቱ ማኅበሩ ፊት አይቆምም።